የትምህርት ቴክኖሎጂ ጉባኤ ላይ 15 ደቂቃ ተሰጥቶኛል፤ የክፍላችንን ነገር እንዴት ላቅርብ?

የሸዋው_ፊዚክስ | ሰኞ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

በአንድ አህጉር አቀፍ የትምህርት ቴክኖሎጂ ጉባኤ ላይ ስለ ሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ ትምህርት እንድናገር ያስገባሁት ሐሳብ አልፏል። የተሰጠኝ 15 ደቂቃ ነው። ፕሮግራሙን ሳየው አብዛኞቹ ተናጋሪዎች ከሚኒስቴር፣ ከኩባንያና ከለጋሽ ድርጅት የመጡ ናቸው። ጠዋት ጠመኔ ይዞ ክፍል የሚገባ መምህር በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ከእናንተ ጋር ሳልመክር መሄድ አልፈለግሁም።

እስካሁን ያሰብኩት ይህን ነው። በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሰርኪት ለማስተማር የሚሆን ዕቃ የለም ማለት ይቻላል፤ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚለኩት አሚተሮች መርፌያቸው ደርቋል፣ አምፖሎቹ ተቃጥለው አልቀዋል። ስለዚህ ፌት የሚባለውን ሲሙሌሽን፣ ሙከራን በኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ እጠቀማለሁ። የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያስጀመረው ነው፤ በነጻ ይወርዳል፣ አንዴ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር ይበቃኛል።

ተማሪ ወጥቶ ሽቦውን በማውስ ይስባል፣ ባትሪና አምፖል ያገናኛል፣ ማብሪያውን ያበራል። ሰማያዊ ነጥቦች በሽቦው ውስጥ መጓዝ ይጀምራሉ። ሁለተኛ ባትሪ በተከታታይ ሲጨምር ነጥቦቹ ይፈጥናሉ፣ ብርሃኑም ይጎላል። አምፖል ሳያስገባ የባትሪውን ሁለት ጫፍ በሽቦ ብቻ ሲያገናኝ ደግሞ ባትሪው ላይ እሳት ይነሳል፤ ያኔ ክፍሉ በሙሉ ይጮሃል። አንዲት ተማሪዬ ሁለት አምፖሎችን በተከታታይ አድርጋ ደበዘዙባት፣ ጎን ለጎን አድርጋ ስታያቸው ግን እንደ መጀመሪያው በሩ። «ታዲያ የቤታችን መብራት በየትኛው ነው የተዘረጋው?» ብላ ጠየቀች። እኔ ሳልመልስ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች መከራከር ጀመሩ። እንደዚያ ቀን ክፍሉን ሕያው ሆኖ ያየሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

ጥያቄዬ፦ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ከእኔ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዞ እንዲወጣ ብፈልግ ያ ነገር ምን ይሁን?

ጥቁር_ሰሌዳ | ሰኞ ከምሽቱ 3፡25

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ! የኛ ሰው እዚያ መቆሙ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

እኔ ብሆን ከፕላዝማ፣ በክፍል ውስጥ ከነበረው የቴሌቪዥን ትምህርት፣ እጀምራለሁ። 1997 ዓ.ም. ላይ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ነው የመጣው። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይሰራጭ ነበር፤ ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም። እንግሊዝኛው ለጆሯችን እንግዳ ነው። አቅራቢዋ ጥያቄ ትጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች፤ እኛ ጥያቄውን እንኳ ሳንጨርስ «ጎበዝ!» ብላ ታልፋለች። ማንን ነው ጎበዝ የምትለው? ማናችንም አልመለስንም። መምህራችን ግድግዳውን ተደግፎ ከእኛ ጋር ያዳምጣል። ከክፍለ ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበረችው። መብራት ከጠፋማ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ ማለት ነው፤ ስርጭቱ የኛን ትምህርት ቤት አይጠብቅም።

አንተ የጻፍከውን ሳነብ ያየሁት ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ያቺ ልጅ ስትጠይቅህ ማስቆም ቻልክ። የኛ መምህር ፕላዝማውን ማስቆም አይችልም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ካልክ ይህን ንገራቸው፦ መምህሩ ሊያስቆመው የማይችለውን መሣሪያ ክፍል ውስጥ አታስገቡ።

ጡረተኛው_መምህር | ማክሰኞ ከጠዋቱ 1፡40

ልጆቼ፣ እንዴት አደራችሁ። ጥሩ ውይይት ከፍታችኋል።

ጥቁር ሰሌዳ፣ ያልሽው እውነት ነው፤ በዚያ ዘመን ሒሳብ አስተምር ስለነበር ከግድግዳው ከተደገፉት አንዱ እኔ ነኝ። ነገር ግን ፍርዱ ሚዛን እንዲኖረው አንድ ነገር ልጨምር። ትምህርት ቤቶች በፍጥነት ሲስፋፉ በየወረዳው ሁለተኛ ደረጃ ተከፈተ፤ ለፊዚክስና ለሒሳብ በዲግሪ የተመረቀ መምህር ግን አልነበረም። ፕላዝማው ያንን ክፍተት ለመሙላት ነው የመጣው። መምህር ጨርሶ ባልነበረበት ትምህርት ቤት የተማሩ፣ «ያለሱ ምንም አናይም ነበር» የሚሉኝ ልጆች አሉ። ይህንንም ማክበር ያስፈልጋል። የተጎዳው መምህር የነበረበት ክፍል ነው፤ መምህሩን ከሥራው ፈታው።

ከፕላዝማ በፊት የሬዲዮ ትምህርት ነበረን። በአንደኛ ደረጃ ሳስተምር የመምህሩ መምሪያ አስቀድሞ ይደርሰኛል፤ ከስርጭቱ በፊት ምን እንደማዘጋጅ፣ በኋላ ምን እንደማስደግም ተጽፎልኛል። ሬዲዮውን ማስቆም አልችልም ነበር፤ ሆኖም የሚመጣውን አውቄ ስለምጠብቀው ክፍሉ በእጄ ነበር። ስለዚህ «ማስቆም» የሚለው ላይ «አስቀድሞ ማወቅ» የሚለውን ጨምሩበት።

ስለ ጉባኤውም አንድ ነገር ልበል። ኢለርኒንግ አፍሪካ የሚባለው ትልቁ ጉባኤ የተጀመረው እኛው አገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 አዲስ አበባ ላይ። ከዚያ ናይሮቢ፣ አክራ፣ ዳካር እያለ ዞሮ አሥረኛው በ2015 ተመልሶ አዲስ አበባ፣ አፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ተካሄደ። አዘጋጁ በርሊን ያለ ድርጅት ነው። እንዲህ ባለ ጉባኤ ላይ ትልቁ ነገር የሚያልቀው በሻይ ሰዓት፣ በመተላለፊያው ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅተህ በብዛት አሳትመህ ያዝ። ስላይድ ይረሳል፤ ቦርሳ ውስጥ የገባ ወረቀት ግን አገር ቤት ድረስ አብሮ ይሄዳል።

ሽቦና_ሶኬት | ማክሰኞ ከቀኑ 6፡30

ሰላም መምህር። እኔ የአይሲቲ ባለሙያ ነኝ፤ የበርካታ ትምህርት ቤቶችን ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ስለ ጥገና የሚናገር ሰው እንደማይኖር ስለማውቅ አደራ የምለው ይህን ነው።

በዕርዳታ የመጡ ኮምፒውተሮች ያሉበት ክፍል ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የማየው ሰዓታቸውን ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው ዋና ሰሌዳ (እናት ቦርድ) ላይ ሳንቲም የምታክል ክብ ባትሪ አለች። እሷ ስታልቅ ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ይመለሳል። ቀኑ ሲሳሳት ደግሞ ብራውዘሩ «ይህ ድረ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» እያለ አልከፍትም ይላል። መምህሩ ኢንተርኔቱ ተበላሽቷል ብሎ ያምናል፣ ዳይሬክተሩ ኮምፒውተሮቹ አርጅተዋል ብሎ ሪፖርት ይጽፋል፣ ክፍሉ ይቆለፋል። የጠፋው ያች ባትሪ ብቻ ነበረች። አንዱ ክፍል ውስጥ ባትሪዎቹን ቀይሬ ሰዓቱን ሳስተካክል ሙሉ ክፍሉ በዚያው ቀን ሥራ ጀምሯል።

ለጋሹ ኮምፒውተር ሲገዛ የጥገና በጀት አይገዛም። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ባትሪ ለመግዛት የሚያወጣበት የሒሳብ መደብ የለውም። ይህን በአደባባይ ተናገርልን።

ሌላው ኢንተርኔት የሌለበት ቦታ ነው። ራስበሪ ፓይ የሚባለው የመዳፍ ያህል ኮምፒውተር ላይ ኮሊብሪንና ኪዊክስን ጭኖ ማስቀመጥ ይቻላል። ኮሊብሪ ካን አካዳሚ የሚባለውን የኦንላይን ትምህርት ቪዲዮና መልመጃ፣ ኪዊክስ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ይሰጣል። ይዘቱ ከተማ ውስጥ ሚሞሪ ካርድ ላይ ይጫናል፣ ገጠር ሲደርስ መሣሪያው የራሱን ዋይፋይ ይለቅቃል፣ ተማሪው በስልኩ ይገባበታል፤ የዳታ ብር አይቆጥርም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ፣ እንዲህ ያለ ነገር የነበረው ትምህርት ቤት ባዶ እጁን አልቀረም።

ሜሪላንድ_ነኝ | ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡05

ሰላም ወገኖቼ። እኔ አሜሪካን አገር መምህርት ነኝ። እዚህ እያንዳንዱ ተማሪ ክሮምቡክ የሚባል ላፕቶፕ ይሰጠዋል። ክሮምቡክ የሶፍትዌር ማሻሻያ የሚያገኝበት ጊዜ ገደብ አለው፤ ገደቡ ሲያልፍ ትምህርት ቤቶች በጅምላ ያስወግዱታል። እኛ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር አለን፣ ሰብስበን ለመላክ እያሰብን ነው። በእውነት ይጠቅማል? የማይሠራ ዕቃ ልከን ትምህርት ቤቶቹን መጋዘን ማድረግ አንፈልግም።

ሽቦና_ሶኬት | ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡50

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ከመላክ በፊት መጠየቅሽ ራሱ ግማሹን ሥራ ሠርቷል። ስለ ክሮምቡክ ሁለት ነገር ልንገርሽ። አንደኛ፣ የትምህርት ቤት ክሮምቡክ በዲስትሪክቱ፣ ማለትም በአካባቢው የትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ አስተዳደር ሥር የተመዘገበ ነው። ምዝገባው ከዚያው ካልተሰረዘ፣ እዚህ መጥቶ ሲበራ የማናውቀውን የዲስትሪክት አካውንት ይጠይቀናል፤ አጥፍተን ብንጭነውም ተመልሶ ይቆለፋል። ስለዚህ ሳይሰረዝ አንዱም እንዳይላክ። ሁለተኛ፣ ክሮምቡክ ለኢንተርኔት የተሠራ ስለሆነ ኔትወርክ ለሌለው ትምህርት ቤት ተመራጭ አይደለም፤ እንደ ራስበሪ ፓዩ ካለ የአካባቢ ሰርቨር ጋር ካልሆነ በስተቀር።

ገንዘባችሁን ተራ ላፕቶፕ ላይ ብታውሉት ይሻላል። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለ የኛ 220 አይጎዳውም፣ የሶኬት መለወጫ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ለእያንዳንዱ ከቻላችሁ ትርፍ ቻርጀር ጨምሩ፤ በመብራት መዋዠቅ ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው።

ፊደል_ገበታ | ረቡዕ ከጠዋቱ 3፡15

መምህር፣ ስለ ቋንቋ ሳትናገር እንዳትመለስ።

እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ በተደረገ የቴክኖሎጂ ጉባኤ ላይ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ስለ እኛ ልጆች ተናግሮ ዓለም ሁሉ ተቀባብሎታል። ድርጅቱ፣ «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የሚባለው፣ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ታብሌት በካርቶን እንደታሸገ አስቀመጠ፤ አስተማሪ አልመደበም። ልጆቹ ካርቶኑን ከፈቱ፣ ማብሪያውን አገኙ፣ በሁለት ሳምንት የኤቢሲ መዝሙር ዘመሩ፣ በወራት ውስጥ ደግሞ የተዘጋውን ካሜራ ከፈቱት። ባለሙያ በየሳምንቱ እየመጣ ሚሞሪ ካርዱን ቀይሮ የተጠቀሙትን መዝግቦ ይወስዳል።

የልጆቹ ብልህነት ያኮራል። ነገር ግን አፋቸውን በኦሮምኛ የፈቱ ልጆች በማያውቁት ቋንቋ ፊደል መዘመራቸው እንደ ማንበብ መቆጠሩ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። በራሳቸው ቋንቋ የተሠራ ይዘት ቢጫንላቸው እነዚያ አእምሮዎች የት ይደርሱ ነበር? አስተማሪ አለመኖሩ እንደ ጥሩ ነገር መነገሩም እንደዚያው ያሳዝናል።

ይኸው ድርጅት ፔሩ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ላፕቶፕ ካሠራጨ በኋላ የተደረገው ጥናት በሒሳብና በንባብ ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም። የዩኔስኮው የ2023 ዓለም አቀፍ የትምህርት ክትትል ሪፖርትም ስለ ትምህርት ቴክኖሎጂ ጥቅም አስተማማኝ ማስረጃ ጥቂት መሆኑን ጽፏል። እነዚህን ጥቀስ፤ አዳራሹ ያዳምጥሃል።

ፌትን በተመለከተ ደስ የሚለው፣ ማንም መምህር በበጎ ፈቃድ ጽሑፉን ወደ ራሱ ቋንቋ መመለስ መቻሉ ነው። «ሬዚስተር»፣ «ቮልቴጅ» የሚለውን እንዳለ ትተን መመሪያውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ብናደርገው ያ ክርክር ክፍል ውስጥ በየቀኑ ይኖራል።

የወላጅ_ድምፅ | ረቡዕ ከቀኑ 9፡20

እኔ መምህር አይደለሁም፣ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤታችን ውስጥ አንድ ስማርት ስልክ ነበር፣ የኔው። መምህራኑ በቴሌግራም ወርክሺት ይልካሉ። ጠዋት ስልኩን ይዤ ሥራ እሄዳለሁ፣ ልጆቹ ማታ እስክመጣ ይጠብቃሉ። ታላቅየው ከጨረሰ በኋላ ነው ለታናሾቹ የሚደርሳቸው፤ ትንሿ ተራዋ ሳይደርስ ስልኩን እያየች ትተኛለች።

አደራ፣ «ተማሪው በስልኩ ይማራል» ሲባል ያ ስልክ የማን እንደሆነ ጠይቁልን። ብዙ ጊዜ የእናትየዋ ነው።

አሁን ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ልጄ ዘንድሮ 11ኛ ናት። ማውስ በደንብ ሳትለምድ ሕይወቷን የሚወስነው ፈተና ፊት እንዳትቀመጥ እፈራለሁ።

ጥቁር_ሰሌዳ | ረቡዕ ከምሽቱ 2፡00

እማማ፣ ስጋትዎ ልክ ነው። ለፈተና ብቻ ሳይሆን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ልጆቹ ኮምፒውተር ላይ መልመጃ መሥራት አለባቸው። ፍጥነት የሚመጣው በልምምድ ነው፤ ጥያቄውን እያወቀች ማውስ ስታባርር ጊዜ የሚያልቅባት ልጅ በእውቀቷ አልተለካችም።

ፊደል ገበታ ያልከው ላይ ግን በከፊል አልስማማም። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ሲሙሌሽኑን ሙሉ በሙሉ ወደ አማርኛ ብንመልሰው ልጆቹ ሐሳቡን ይረዱና ፈተናው ላይ ቃሉን ያጡታል። እኔ ኬሚስትሪ ሳስተምር ውይይቱን በአማርኛ አስከፍታለሁ፣ መጨረሻ ላይ ያገኙትን በሦስትና በአራት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ያስቀምጣሉ። ሁለቱም ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ቢኖሩ ነው የምመርጠው።

ፊደል_ገበታ | ረቡዕ ከምሽቱ 2፡35

ይህን እቀበላለሁ። የፌት ገጽ ላይ ቋንቋ እየመረጡ ማውረድ ስለሚቻል ሁለቱንም ፋይል ላፕቶፑ ላይ አስቀምጦ እያቀያየሩ ማሳየት ይቻላል። ማሰብ በአማርኛ፣ መጻፍ በእንግሊዝኛ፤ ክፍል ውስጥ የምናደርገውም ይኸው ነው።

የሸዋው_ፊዚክስ | ሐሙስ ከምሽቱ 1፡45

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ንግግሬን እንደ አዲስ ጽፌዋለሁ።

ማዕከሉ ጥቁር ሰሌዳ ያነሳችው ነው፦ መምህሩ ሊያስቆመው፣ ሊመልሰው፣ ሊቀይረው የሚችል መሣሪያ። በፕላዝማ እከፍታለሁ፤ ጋሼ እንዳሉት ለምን እንደመጣና ማንን እንደጠቀመ ሳልደብቅ። ከዚያ ሲሙሌሽኑን ራሱን ከፍቼ አዳራሹ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ወጥቶ ሁለቱን አምፖል እንዲያገናኝ እጋብዛለሁ፤ ሲደበዝዝበት አስቁሜ «ለምን?» ብዬ ታዳሚውን እጠይቃለሁ። ስለ ማስቆም ከማወራ ይልቅ ማስቆም ምን እንደሆነ ይዩት።

ቀሪውን ጊዜ ለወንጪና ለወለንጪቲ ታሪክ፣ ለእናታችን ስልክና ለሳንቲሟ ባትሪ እሰጣለሁ። ለጋሾቹ ፊት የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ለመሣሪያ ከሚመደበው ገንዘብ ላይ የጥገናና የመምህር ሥልጠና ድርሻ ተለይቶ ውሉ ውስጥ ይጻፍ። ሥልጠናውም አንድ ቀን በሆቴል አዳራሽ መሆኑ ቀርቶ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ መምህሩ በሚያስተምረው ምዕራፍ ላይ ይሁን።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጠየቄ አይቀርም። በኛ ቋንቋዎች በዲጂታል የተጻፈው ጽሑፍ ጥቂት ስለሆነ መልሱ ብዙ ጊዜ እንደሚሳሳት፣ ስለዚህ መምህሩ ሳያየው ተማሪ ጋ መድረስ እንደሌለበት እናገራለሁ። ይህም ያው ማስቆም የመቻል ጉዳይ ነው።

ጡረተኛው_መምህር | ሐሙስ ከምሽቱ 3፡10

ጎበዝ ልጄ። አንድ ጥያቄ ግን ተዘጋጅተህ ጠብቅ፤ «ውጤት አሻሽሏል ወይ?» ማለታቸው አይቀርም። «ተማሪዎቼ ደስ ብሏቸዋል» ብቻ አትበል። እ.ኤ.አ. በ2022 የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያለፈው ከመቶ 3.3 ብቻ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ደስታውን አይቀበልህም። ከምዕራፉ በፊትና በኋላ ያንኑ ጥያቄ ሰጥተህ ከሆነ ወረቀቶቹን ያዝ። የተሻሻለውን አሳይ፣ ያልተሻሻለውንም አሳይ። ልጆቹ ተከታታይና ጎንዮሽ ሰርኪትን ከለዩ በኋላ ስሌቱ ላይ አሁንም የሚወድቁ ከሆነ እንደዚያ በል፤ ባለሙያ የሚያከብርህ በዚህ ነው።

የሸዋው_ፊዚክስ | ሐሙስ ከምሽቱ 3፡40

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ልክ እንደገመቱት ነው፤ ሰርኪቱን መለየት ላይ በጣም ተሻሽለዋል፣ ስሌቱ ላይ ብዙም አልራቁም። ሁለቱንም አቀርባለሁ።

ሽቦና_ሶኬት | ዓርብ ከጠዋቱ 2፡20

ከመሄድህ በፊት፦ ሲሙሌሽኑን በራስህ ላፕቶፕ ላይ አውርደህ ዋይፋዩን አጥፍተህ ሞክረው። አዳራሹ ፕሮጀክተር ምን ዓይነት ገመድ እንደሚቀበል አታውቅምና የኤችዲኤምአይም የቪጂኤም መለወጫ ያዝ። ያንኑ ፋይል ፍላሽ ላይም አስቀምጥ። የራስህን ማውስ አትርሳ፤ የማያውቀውን ታችፓድ ይዞ ሽቦ መሳብ ለታዳሚው ይከብደዋል።

ሜሪላንድ_ነኝ | ዓርብ ከምሽቱ 5፡00

ለማኅበራችን አንብቤላቸዋለሁ። ክሮምቡኩን ትተን ተራ ላፕቶፕ፣ ትርፍ ቻርጀርና እነዚያን ክብ ባትሪዎች ለመግዛት ተስማምተናል። ሽቦና ሶኬት፣ የባትሪውን ቁጥር ጻፍልን።

ሽቦና_ሶኬት | ቅዳሜ ከጠዋቱ 1፡15

ሲአር 2032። አብዛኞቹ ዴስክቶፖች እሱን ነው የሚወስዱት።

ጥቁር_ሰሌዳ | ቅዳሜ ከጠዋቱ 3፡30

የኬሚስትሪዎቹን ሲሙሌሽኖች መመሪያ ወደ አማርኛ መመለሱን እኔ እይዛለሁ፤ በአሲድና ቤዝ እጀምራለሁ። ኦሮምኛና ትግርኛ የምትችሉ መምህራን ካላችሁ እዚሁ ስር ስማችሁን አስቀምጡ፣ ማን የትኛውን ርዕስ እንደሚይዝ እንከፋፈል።